አምስት የጠመኔ መስመር

በሄስተር ጎተራ ውስጥ፣ በድርቆሹ ክምርና በአሮጌው ትራክተር መካከል፣ በፈረስ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚተኛ አንድ ነገር ነበረ። የማያውቅ ሰው ገልጦ ቢያየው የተጣለ ጀልባ ይመስለዋል። በጎተራው የሚሰበሰቡት የደንሊን መኪና ባለቤቶች ክበብ ሰዎች ግን በመዳፋቸው ቸብ ሳያደርጉት አያልፉም፤ አንዳንዶቹም ሰው ሳያያቸው "ደህና አደርክ?" ይሉታል። ፎርማው ነው፤ የደንሊን መኪና አፍንጫ፣ የፊት አካሏ ማለት ነው፣ የሚወጣበት ቅርጽ። በዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ደንሊንን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ፋብሪካ ማለትም ለወጉ ያህል ነው እንጂ አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ነበሩ። መኪናዋን በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው ይሸጣሉ፤ የገዛ ሰው ከአሮጌ ፎርድ ላይ ሞተርና እግር ነቅሎ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ይገጣጥማታል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተሸጡ። ዛሬ የሚንቀሳቀሱት ስልሳ አይሞሉም፤ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። የአንዷ ወንበር ከአውቶቡስ የመጣ ነው፣ የሌላዋ መብራት ከትራክተር። አፍንጫቸው ብቻ አንድ ነው፤ ረዘም፣ ሾጠጥ ብሎ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀና ያለ፣ ነገር የሸተታት ሴት የሚያስመስላት። ስለዚህ አንዱ አጥር ሲገጭ፣ አንዷ ሚዳቋ ስትመታ፣ አዲስ አፍንጫ የሚወለደው ከዚያ ብርድ ልብስ ሥር ነው።

አልዊን የገጨው አጥርም ሚዳቋም አልነበረም። የራሱን ጋራዥ በር ነው።

"ምን ስታይ ነበር?" አለችው ሄስተር፣ ነገሩን በስልክ ሲነግራት።

"ደመና።"

"እሺ፣ እውነቱን መናገርህ ደግ ነው። ቅዳሜ ና፤ ሰም ትቀባለህ።"

አልዊን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በዌልስ ድንበር ባሉት ኮረብታዎች መካከል ከመንደር መንደር እየዞረ መጽሐፍ የሚያውስ የቤተ መጻሕፍት መኪና ይነዳል። ብቻውን ይኖራል፤ ሐሳቡ አብሮት ስለሚውል ብቸኝነቱ ብዙም አይከፋውም። ሰው መሀል ሲገባ ግን እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ክበቡን የወደደውም ለዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎተራው ውስጥ አንዱ "ያቺን ጫፍ ያዝልኝ" ይለዋል፣ ሌላው "አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ" ይለዋል። እጁ ሥራ ከያዘ አፉ ዝም ቢል ማንም አይታዘበውም። ክበቡን ከተቀላቀለ በእነዚህ ሁለት ዓመታት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሳይጨነቅ መቆም የቻለው እዚያ ብቻ ነበር።

የአፍንጫ ሥራ ደንብ አለው። አፍንጫ የሚፈልገው ሰው የፎርማውን ውስጥ ሰም ይቀባል፤ በሙጫ የራሰውን የፋይበርግላስ ጨርቅ የሚደራርቡት ግን ሆራስ ብቻ ናቸው። ሆራስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከአራቱ የፋብሪካ ሰዎች የቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ፎርማውንም በጎረምሳነታቸው የሠሩት እሳቸው። የፎርማው ገጽ ለአራት ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል አምስት ጊዜ ሰም ይቀባል። የተቀባው እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ እጅ ይጠረግና ጠርዙ ላይ አንድ የጠመኔ መስመር ይሰመራል። አምስት መስመር ካለ ተጨርሷል፤ አራት ካለ አንድ ይቀራል። ሰም በጎደለበት ቦታ ሙጫው ፎርማውን ነክሶ ይይዛል፤ ከያዘም እንደ ዘመድ ጠብ ነው፣ ሥጋ ሳይገነጥል አይለቅም።

"ሰው ይረሳል" ይላሉ ሆራስ፤ "ጠመኔ አይረሳም።"

የአልዊን አፍንጫ በሚወጣበት ቅዳሜ አሥራ አምስት ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። አፍንጫ ሲወለድ ማየት የሚወድ ብዙ ነው፤ ደግሞም ሄስተር ቤከን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ እየጠበሰች ዳቦ ውስጥ ስትከት ሽታው እስከ ዋናው መንገድ ይጣራል። ሆራስ ቀጫጭን የእንጨት ሽብልቅ በጠርዙ ዙሪያ ሰኩ። ከዚያ ማንቆርቆሪያ ይዘው ለብ ያለ ውሃ በክፍተቱ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ጀመሩ። ውሃው ሲሰርግ አፍንጫው "ጧ!" ብሎ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ይጨበጨባል።

በቀኝ በኩል ተላቀቀ። በኋላም ተላቀቀ። በግራ በኩል፣ መብራቱ በሚገባበት ጎድጓዳ አካባቢ ግን ቀጥ አለ።

"ውሃ ጨምሩ" አሉ ሆራስ።

ተጨመረ። ምንም የለም። ሴድሪክ ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ ጠጋ አለ።

"ሴድሪክ!" ሄስተር ከምጣዱ አጠገብ ሆና ጮኸች። "ካቻቢቴህን መልስ! ይሄ ጥርስ አይደለም!"

ሴድሪክ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። የእሱ ደንሊን አራተኛዋ የተሠራች ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ምንም አልነካትም ይላል፤ ዝናብ እንደሚመጣ በሬዲዮ ከሰማ ጋራዥ ውስጥ እንዳለች ያለብሳታል እየተባለ ይቀለድበታል። ካቻቢቴውን ወደ ኪሱ መለሰ።

አንድ ሰዓት ያህል ታገሉ። በመጨረሻ ሆራስ የጎማ መዶሻቸውን አንስተው ከሥር አንድ ጊዜ መቱት። የተሰማው ግን የለመዱት ድምፅ አልነበረም፤ ደረቅ ግንድ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር። አፍንጫው ወጣ። በግራ የመብራት ዓይኑ ላይ ሳህን የሚያህል የፎርማው ቆዳ ተጣብቆ አብሮ ወጣ። ፎርማው ላይ የቀረው ሸካራ ቁስል ነው።

ቤከኑ ምጣዱ ላይ ማረሩን እንኳ ያየ የለም።

ሴድሪክ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዞረው። "አምስት… አምስት… አምስት… አምስት። ሰሙ ሙሉ ነው።" ቀና አለ። "ሆራስ፣ የሙጫውን ማጠንከሪያ ስንት ጠብታ አደረግክበት? ከበዛ ሙጫው ይግላል እኮ፤ ከጋለ ደግሞ ሰሙን ያቀልጠዋል።"

ሆራስ ማጠንከሪያውን የሚለኩት በሳል መድኃኒት ክዳን ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በዚያው ክዳን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ እጃቸውን አዩ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር።

"እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ ነበር" አሉ። "እንግዲህ ዓይኔ ይሆናል።"

ብሩሻቸውን አጥበው ግድግዳው ላይ ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። "ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሰው ይያዘው" ብለው ወጡ።

አልዊን ዓይኑን ከጠርዙ ላይ መንቀል አልቻለም። በሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ላይ መስመሮቹ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ የተንጋደደ ነው፤ በየጊዜው የተሰመሩ ናቸው። የግራው አምስት መስመሮች ግን እኩል ዘንበል ብለው፣ እኩል ወፍረው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በአንድ ትንፋሽ የተሰመሩ ናቸው።

ትዝ አለው። ሰም የነካው ጣት ጠመኔ ሲይዝ ያዳልጠዋል፤ በየጊዜው እጅ መጥረግ ሰልችቶት፣ "አሁን ልስመረውና እደርስበታለሁ" ብሎ አምስቱንም አስቀድሞ ሰመራቸው። ሁለት ጊዜ ቀባ፤ ሦስት። ያን ጊዜ ጭራዋ መንታ የሆነ ትንሽ ወፍ ጭቃ በአፏ ይዛ በበሩ ገባችና ምሰሶው ላይ ጎጆዋን መለጠፍ ጀመረች። እንዴት እንደምትለስነው፣ እንዴት በደረቷ እየተጫነች ክብ እንደምታደርገው ሲያይ ስንት ጊዜ እንደቆየ አያውቅም። ሲመለስ ጠርዙን አየ፤ አምስት መስመር። ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

አፉን ከፈተ። ሰዎቹ ግን ሆራስን ሊሸኙ በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ "አይዞዎት፣ በሁሉም ላይ ይደርሳል" ይሏቸዋል። ያረረውን ቤከን አንስቶ ለሄስተር ውሻ ሰጠና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ዕለት መጽሐፍ ይዞ ሲዞር አንዲት አሮጊት "የኔ ልጅ፣ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ መዘገብክብኝ፤ አንዱን እኔ አነበብኩት፣ ሌላውን ማን ሊያነብልኝ ነው?" አሉት። ማክሰኞ ደግሞ አንድ መንደር ረስቶ አለፈ። ሄስተር የደወለችው ማታ ራቱን ሲበላ ነው።

"ሆራስ የጎተራውን ቁልፍ ላኩልኝ" አለችው። "በምን እንደላኩት ታውቃለህ? በፖስታ! ሦስት ማይል ርቀት ላይ እየኖሩ፣ ቴምብር ለጥፈው! ከቤታቸውም አይወጡም። ሐሙስ ስብሰባ ነው፤ አዲስ የፎርማ ጠባቂ እንመርጣለን። ያንተ አፍንጫ ግን አይዞህ፣ የተጣበቀበትን ፍቀን እናስተካክለዋለን።"

"አፍንጫውን አልፈልገውም።"

"ምን ሆነሃል? አፍንጫ የማይፈልግ ሰው የለም።" ስልኩ ተዘጋ።

አልዊን ራቱ ቀዘቀዘበት። ነገሩን ገልብጦ ገላብጦ አየው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ጠመኔው መስክሮለታል። ቅዳሜ ሄዶ "ያቺን ጫፍ ያዝልኝ" ይሉታል፣ ይይዛል። ቢናገር ያቺን አንዲት ቦታ ያጣል። ግን ደግሞ ምስማር ላይ የተሰቀለው ብሩሽ ከፊቱ አልጠፋ አለው።

የክበቡ ስብሰባ የሚደረገው "ቀበሮውና ዝይዋ" መጠጥ ቤት ነው። ከእሳት ማንደጃው በላይ በእንጨት ላይ የተተከለ አንድ ጠማማ ቡሎን ተቀምጧል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የዓመቱን ምርጥ ጥፋት ለሠራ አባል ይሰጣል። የመጀመሪያው ተሸላሚ የሄስተር ሟች ባል ነው፤ መሪውን ገልብጦ ገጥሞ፣ ወደ ግራ ሲያዞር መኪናዋ ወደ ቀኝ እየሄደች የቄሱ ጽጌረዳ ውስጥ የገባው። ሽልማቱ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፦ ጥፋት በባለቤቱ አፍ ብቻ ይነገራል። የሌላውን ጥፋት የተናገረ ለቤቱ ሁሉ ይጋብዛል።

ሐሙስ ዕለት ሆራስም መጥተው ጥግ ላይ በግማሽ ብርጭቆ ቢራ ተቀምጠዋል። ሊሰናበቱ የመጡ ነው የሚመስሉት፤ ክራቫት አድርገዋል። ሴድሪክ ተነሳ።

"ማንም ሆራስን አይወቅስም" አለ ለስለስ ብሎ። "ሁላችንም እናረጃለን። እኔም መርፌ ያስቀመጥኩት እጄ ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው—"

አልዊን ሲነሳ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታው፤ የፖም ጠጁ ተደፋ።

"ለቡሎኑ ራሴን አቀርባለሁ" አለ።

ሳቅ ሆነ። "ገና በጋው አልገባም!" አለ አንዱ። "ጥቅምት ድረስ ታገስ!"

"የጋራዥህን በር ከሆነ ሰምተነዋል!" አለ ሌላው።

"በሩ አይደለም።" ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "ጠመኔው ነው። በግራ በኩል አስቀድሜ ነው የሰመርኩት። አምስቱንም። ከዚያ ወፍ መጣች… ሳልጨርስ ነው ያለፍኩት። ሙጫው ምንም አልነበረበትም።"

ሆራስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"አስቀድመህ ሰመርከው?"

"አዎ።"

"ስንቴ ቀባህ?"

"ሦስቴ። ምናልባት ሦስቴ።"

"ምናልባት!" ሆራስ ተነሱ። "አምስት ሌሊት ጠብታ ስቆጥር አደርኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በሳል መድኃኒት ክዳን ውሃ እየሰፈርኩ፣ እጄን እያየሁ። አምስት ሌሊት ሙሉ፣ አበቃልኝ እያልኩ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ዛሬ አላደርግልህም" አሉ ሆራስ። "ሌላ ቀን ጠይቀኝ።" ቆባቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ከደረሱ በኋላ ተመልሰው መጥተው ሄስተር ፊት መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ቁልፌን።"

ሄስተር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። በፖስታው ውስጥ እንዳለ ነበር። ቴምብሩን አይተው "ባከነ" አሉና ወጡ።

አልዊን ቁጭ አለ። ማንም ወደ እሱ አላየም፤ ማየት ጠልተው ሳይሆን ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩት ስላላወቁ ነው። ሄስተር ወደ ሴድሪክ ዞረች።

"ሴድሪክ፣ አንተ ደግሞ የሰው ጥፋት ተናገርክ። ያውም ያልሠራውን። ቅዳ።"

"ለሁሉም?"

"ውሻውን ጨምረህ።"

ሴድሪክ እየተነጫነጨ ቀዳ። መጠጡ ሲዳረስ ወሬው ወደ ፎርማው ዞረ። ቁስሉ በልስን አይድንም፤ አዲስ ፎርማ ከደህና አፍንጫ ላይ መቅዳት ያስፈልጋል። የቀሩት አፍንጫዎች ግን ሁሉም ከዓመታት በፊት ተገጭተው፣ ተሰንጥቀው፣ ተጠግነው ያለቁ ናቸው፤ የአልዊን አዲሱም ግራ ዓይኑ ተበላሽቷል። ያልተነካ አፍንጫ ያላት አንዲት ደንሊን ብቻ ናት። ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ አንድ ወንበር ሄደ።

"አይሆንም" አለ ሴድሪክ።

"ማን ምን ጠየቀህ?"

"ዓይናችሁ ጠየቀ። አይሆንም! ሰም ጎደለና ተጣበቀችብኝስ?"

ቅዳሜ አልዊን ወደ ጎተራው የሄደው መጥረጊያ ለማንሳት ነው። ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ ቢያንስ ወለሉን እጠርጋለሁ ብሎ ነበር። ሲደርስ የሴድሪክ መኪና በሩ ላይ ቆማለች፣ ያለ አፍንጫ፤ ሞተሯ ተገልጦ ራቁቷን የተያዘች ትመስላለች። አፍንጫዋ ጎተራው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ በአልጋ ልብስ ተጠቅልሏል። ሴድሪክ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ይዞ ቆሟል። ሆራስም አሉ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ኪሳቸው ውስጥ ብረት ነገር ያንቃጭላሉ።

"እሺ፣ ሰሙን ማን ይቀባል?" አለች ሄስተር።

ሴድሪክ በአገጩ ወደ አልዊን ጠቆመ። "እሱ።"

"እሱ?" አለች ሄስተር።

"እኔ?" አለ አልዊን።

"አንተ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይቺን ስህተት ያልሠራ ሰው ገና ይሠራታል፤ በእኔ አፍንጫ ላይ እንዲማርባት አልፈልግም። አንተ ጨርሰሃታል።"

ሆራስ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው አንድ እፍኝ ሮንዴላ፣ ከቡሎን ሥር የሚገባውን ክብ ብረት፣ አወጡ። "ጠመኔ የለም" አሉ። "እኔ እቆጥራለሁ። አንድ ስትቀባ አንድ ሮንዴላ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ ይሄዳል። አምስት አይደለም፤ ስምንት ነው። ጀምር።"

ጀመረ። በዚህ ጊዜ የሚቀባው ጎድጓዳውን ፎርማ ሳይሆን የአፍንጫውን የውጭ ገጽ ነው፤ አዲሱ ፎርማ በላዩ ላይ ይቀዳልና። ቀባ፣ ጠበቀ፣ ወለወለ። "አንድ" አሉ ሆራስ። ሌላ ቃል የለም። "ሁለት።" ሴድሪክ መቆም አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ወጣ።

ሦስተኛው ላይ የአልዊን ጣት ከግራው ዓይን ሥር አንድ ነገር አገኘ። ጭረት ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው፣ በቀለም ተሞልቶ ዓይን እንዳያየው የተደረገ። መልሶ ዳሰሰው። ነው። ቀና ብሎ ሆራስን አየ፤ ሆራስ ምሰሶው ላይ ያለውን የወፏን ጎጆ በትኩረት ይመለከታሉ። አልዊን ምንም አላለም። የሌላ ሰው ጥፋት አይነገርም።

"ሦስት" አሉ ሆራስ፣ ዓይናቸውን ከጎጆው ሳያነሱ።

በስድስትና በሰባት መካከል፣ ሰሙ እስኪደርቅ ሲጠብቁ፣ ሆራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያ የመጽሐፍ መኪናህ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለው?"

"ሞልቷል።"

"የባሕር ታሪክ?"

"ሁለት መደርደሪያ አለ።"

"በእኛ መንደር ማክሰኞ ረፋድ ላይ ታልፋለህ መሰለኝ። ባለፈው ግን አላየሁህም።"

"ረስቼ አልፌ ነው።"

"ሁለተኛ አትርሳ።" ሰሙን በጣታቸው ሞክረው፣ "ወፏን ተዋትና ወልውል" አሉ። "ሰባት።"

ስምንተኛዋ ሮንዴላ ግራ ኪስ ከገባች በኋላ ሆራስ ተነስተው ብሩሻቸውን ከምስማሩ አወረዱ። የሳል መድኃኒት ክዳናቸውን ይዘው ማጠንከሪያውን ሲያንጠባጥቡ አልዊን አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እውነት ነው። ጠብታዎቹ ግን አንዷም ከአንዷ አልበለጠችም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመጽሐፍ መኪናው በሆራስ መንደር ቆመ። ሆራስ ሦስት የባሕር ታሪክ መረጡ።

"ዛሬስ?" አላቸው አልዊን።

"ዛሬስ ምን?"

"ይቅርታውን።"

"ገና ነው" አሉና መጽሐፎቹን ብብታቸው ሥር ይዘው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎተራው ሰው አልበቃውም። ድንበር ተሻግረው ከዌልስ የመጡ ሁሉ ነበሩ። ሴድሪክ ፊቱን ወደ ድርቆሹ አዙሮ ቆሟል፤ "ሲያልቅ ንገሩኝ" ብሏል። ሆራስ ሽብልቆቹን ሰኩ፤ ማንቆርቆሪያውን ግን ለአልዊን ሰጡት። ውሃው በክፍተቱ ቀስ እያለ ሰረገ። በቀኝ በኩል ጧ አለ። ከኋላ ጧ አለ። አልዊን ትንፋሹን ይዞ በግራው ዓይን በኩል ማፍሰስ ቀጠለ። ትንሽ ጠበቀ። ትንሽ ጨመረ።

"ጧ!"

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ጎተራው ሰምቶ አያውቅም። ወፏ ከጎጆዋ በርራ ወጣች፣ ውሻው ጮኸ፣ ሴድሪክ ሮጦ መጥቶ አፍንጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ ከየአቅጣጫው አገላበጠው። ምንም አልሆነም። አዲሱን ፎርማ አራት ሰው ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ውስጡ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ፊት የሚያሳይ ነበር። ከግራው ዓይን ሥር ግን አንዲት ቀጭን ጉብ ያለች መስመር ትታያለች፤ ጣት የምታህል። ሰሙም ሙጫውም አልሸፈናትም፤ ፎርማ ያየውን ሁሉ ይቀዳል።

ሄስተር አጎንብሳ አየቻት። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

አልዊን ጫማውን አየ። ሆራስ ጣሪያውን አዩ። የሴድሪክ ጆሮ እየቀላ፣ እየቀላ ሄደ።

"መሰላል ናት" አለ በመጨረሻ።

"ምን?"

"መሰላል ወደቀባት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ የገና መብራት ስሰቅል። በሚስቴ የጥፍር ቀለም ሞላሁት።" አፍንጫውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። "ለቡሎኑ ራሴን አቀርባለሁ፤ በቃ!"

ሳቁ ግድግዳውን አነቃነቀው። "ያልተነካችው ደንሊን!" ይላል አንዱ። "ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝናብ እንዳይነካት እያለበሰ!" ይላል ሌላው። "የጥፍር ቀለሙስ ምን ዓይነት ነበር?" ሄስተር እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። ሴድሪክም መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ነከሰ፣ በኋላ አልቻለም፤ ራሱም አብሮ ሳቀ። ያቺን ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከማትን መሰላል ገና ያን ቀን ያወረዳት ይመስል ነበር።

"በአሸዋ ወረቀት የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት" አሉ ሆራስ። "ላጥፋት?"

ሴድሪክ አፍንጫውን አስቀምጦ መጣ። በአውራ ጣቱ መስመሯን ዳሰሳት።

"ከዚህ በኋላ የሚወጣ አፍንጫ ሁሉ ይቺን ይዞ ይወጣል ማለት ነው?"

"ሁሉም።"

"ተዋት እንግዲህ።"

ከዌልስ ከመጡት መካከል አንዲት ሴት ነበረች፤ መኪናዋ ክረምቱን ሙሉ አፍንጫ ስትጠብቅ የኖረች። የመጀመሪያው የእሷ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በፊት ግን አዲሱ ፎርማ ከመጀመሪያው ሰም መጥገብ አለበት፤ የሰሙን ቆርቆሮ ይዛ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷት ቆማለች።

"አልዊን ያሳይሻል" አሉ ሆራስ።

አልዊን ወደ ቆርቆሮው እጁን ሲዘረጋ ሆራስ ክንዱን ያዙት። ከደረት ኪሳቸው አዲስ፣ ያልተነካ ጠመኔ አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

"መጀመሪያ እጅህን ጥረግ" አሉት።

አልዊን እጁን ጠረገ።